ዝናብ የምትለምነው የሙሽራዋ እህት

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ
ዛሬም ሁምቦ። ጠራራ ፀሐይ። መሣሪያዬ ደህና ነው። ወንዙ ዳር፣ ጋሽ ጦና ገና ያልዘሩት ማሳ ላይ ቆሞ ይለካል፦ ከፀሐይ ምን ያህል ሙቀት ወረደ፣ ምን ያህሉ አየሩን አሞቀ፣ ምን ያህሉ አፈር ውስጥ ገባ፣ ምን ያህሉ ውሃ አተነነ። የማስተርስ ጽሑፌ ይኸው ነው። አንተም ማስታወሻዬ እስካሁን ከኔ የሰማኸው አንድ ወሬ ነው፤ ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ። ደረቅ መሬት ሙቀቱን መልሶ ፊቴ ላይ ይለቀዋል። ነገሩ የሚገለበጠው አፈሩ ሲርስ ነው፤ ያንን ካልለካሁ ጽሑፉ ግማሽ ነው። መሣሪያው የውሰት ነው፣ ሰኞ ወደ አረካ ይመለሳል። የጽሑፉ ማስረከቢያ ቀንም ደርሷል።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ
ቤቱ ተተራምሷል። ቅዳሜ የማርታ ሠርግ። ታናሼ ቀደመችኝ! ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። የጸሎት ቡድን መጣ። እማዬ ዝናቡ እስከ እሑድ እንዲያዝላት አስጸለየች። ሁሉም አሜን፣ ከኔ በቀር። ማርታ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ፦ "አንቺ፣ አሜን አላልሽም!" ዝናብ የምለምነው ሠርጉ ላለበት ለሶዶ ሳይሆን ለሁምቦ ብቻ ነው ብል በማማሰያ አባረረችኝ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ
ዳሞታ ተራራ አናት ላይ ደመና። እማዬ ቀና ባለች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል፣ የኔ ይበራል። ጋሽ ጦና ጋ ደወልኩ። ሁምቦም ከብዷል። መሣሪያዬን ከብት እንዳይጠጋው፣ ልጆች እንዳይነካኩት አደራ አልኩ። እንደ ዓይናቸው እንደሚጠብቁት ማሉልኝ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ ማታ
ዘነበ!! የሠርጉ ምግብ፣ ሙቹዋው፣ እንደቀረበ ወረደ። ድንኳኑ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ሽማግሌዎቹ በረከት ነው አሉ፣ እማዬም ለማመን ተገደደች። ማርታ ቬሏ ተለጥፎባት ትጨፍራለች። ሁምቦም እየወረደ መሆኑን ስሰማ ጮኽኩ። አክስቶቼ ለሙሽራዋ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

መጋቢት 20፣ እሑድ፣ 9 ሰዓት
ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሁምቦ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት።

መሣሪያዬ በላስቲክ ተጠቅልሏል። በላዩ የእንሰት ቅጠል። በላዩ ገመድ። ጋሽ ጦና ኩራታቸው! "ዕቃሽን አንዲት ጠብታ አልነካውም!" እሳቸው ግን ሲጠብቁት እስከ አጥንታቸው ረጥበው ነበር። ስለ ከብት ነግሬያቸው፣ ስለ ልጆች ነግሬያቸው፣ መርጠብ እንዳለበት አልነገርኳቸውም። የጨረር መለኪያው ዝናቡን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ ሳቅ ቀደመኝ። ይኼ ዕቃ ዝናብ ይወዳል አልኳቸው። አዩኝ። አብረን ሳቅን፣ አብረን ፈታነው።

አሁን ፀሐይ ናት። ማሳው በእንፋሎት ይጨሳል። ሙቀቱ ውሃውን ወደ ላይ እየወሰደ ነው፣ ፊቴን ረስቶታል። ቁጥሮቹ ዓይኔ እያየ ይገለበጣሉ! እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ መለካት አለበት።

አረካ ደወልኩ። ያዋሰኝ ሰውዬ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጠው። ኮሌጁ ግን አይጠብቅም። ወይ ግማሹን አስረክቤ መመረቅ፣ ወይ እዚሁ መቆየት።

እቆያለሁ። ምርቃቱ ለከርሞ። ለእማዬ ዛሬውኑ እነግራታለሁ፣ መልሱ ላይ፣ አማቾቿ ተቀምጠው እያሉ። እነሱ ፊት አትጮህብኝም።