አየሁ ያላልከው ወፍ

ውድ ተፈራ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ፦ ወፉን አየው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ወሬው ከእኔ አፍ አልወጣም።

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ኢስት ዮርክ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ አከራዩ የበረንዳውን በር ብቻ ቀይሮታል። ቴሌስኮፕህን አልሸጥኩም። በፎል፣ ቅጠሉ ሲረግፍና የምሥራቅ ነፋስ ሲበረታ፣ እንደ ድሮው ይዤው ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ።

ያን ጠዋት ታስታውሳለህ? መሬቱ ወደ ውሃው ሾሎ በገባበት ጫፍ ላይ ቆመን፣ ነፋስ ከውቅያኖስ ገፍቶ የሚያመጣውን ወፍ እንጠብቅ ነበር። አንድ ጥቁር ወፍ ነጮቹን የሐይቅ ወፎች እያሳደደ በሩቁ አለፈ። አጠገባችን የነበሩት ጎረምሶች የውቅያኖሱ ወፍ ነው ብለው ጮኹ፣ ተቃቀፉ፣ ወዲያው ወሬውን በስልካቸው ኢንተርኔት ላይ ለጠፉት። ስንት ዓመት የጠበቅከው አንተ ግን ዓይንህን ከቴሌስኮፑ አንስተህ ሩቅ ነበር፣ አልለየሁትም አልክ። ሻይህን ጠጣህ። እንደዚያ ቀን ኮርቼብህ አላውቅም።

የዕድራችን ጸሐፊ ጋሽ መኮንን ታዲያ ቀብርህ ላይ የሕይወት ታሪክህን ሲያነብ “በካናዳ የውቅያኖስ ወፍ ያገኘ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ” አለህ። ቀብር ላይ ተጨበጨበ! ይህ ሰው ሐይቁን የሚያውቀው ከሃይዌይ ላይ፣ በመኪና መስኮት ነው። አሁን ደግሞ ለሙት ዓመትህ ባነር አሠርቷል፤ ከፎቶህ ጎን ከኢንተርኔት ያወረደው አልባትሮስ የሚሉት ግዙፍ ነጭ የባሕር ወፍ ክንፉን ዘርግቷል። ትናንት ኮል አድርጎ “ቲቸር፣ ምን ቸገረዎት? ወፍ እኮ ነው! ማን ያጣራል?” አለኝ። እኔ አጣራለሁ አልኩት። ሳቀ። መልሱን ሳያውቅ የእጅ ጽሑፉን የሚያሳምር ተማሪ ስንቱን አርሜያለሁ፤ እንደ እሱ ያለ ደረቅ ግን አልገጠመኝም።

የሚከብደኝ እሱ አይደለም። የልጃችን ልጅ ሳራ አያቴ ያገኘው ወፍ ብላ የዚያን የባነሩን ወፍ ሥዕል ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። እሑድ፣ ሙት ዓመትህ በሚታሰብበት አዳራሽ ውስጥ ከፊት ትቀመጣለች። እናቷ “ማሚ፣ ተይው በቃ” ትለኛለች።

አልተውም። እሑድ እነሳለሁ፤ ባለቤቴ ያንን ወፍ አየሁ አላለም፣ ያልለየውን ለየሁ የማይል ሰው ነበር እላለሁ። ሳራ ብታለቅስም እኔው አባብላታለሁ። እስክሞት የማስታውስህ እንደዚያ ነው፤ ለእሷም የማወርሳት ያንን ተፈራን ነው።

አይሆንም የምትል ከሆነ ግን ከእሑድ በፊት፣ በሕልሜም ቢሆን፣ ቶሎ መልስልኝ። ልናገር? አዎ ወይም አይ ይበቃኛል።

ባለቤትህ አልማዝ