ሽማግሌ የጎደለው እኩልታ

መስከረም 8

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። ለብቻው ለሚሮጥ ኤሌክትሮን፣ የብርሃንን ፍጥነት ቢጠጋም፣ እኩልታው አለ። ጣጣው ሁለት ሲሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ግፊቱ ግን ወዲያው አይደርስም፣ መንገድ ላይ ይቆያል። ታዲያ "አሁን" የማን አሁን ነው?

ዛሬም ኢቲቻ ግቢ ዋልኩ። ሁለታችንም ከመምህርነት ጡረታ ከወጣን ወዲህ ሰሌዳችን የእሱ የቆርቆሮ በር ነው። በግራው ክንፍ የአንዱ ቅንጣት እኩልታ፣ በቀኙ የሌላው።

"አንድ የጋራ ሰዓት ስጣቸውና እንገላገል" አልኩት።

"አንተ ፊዚክስ ነው ያስተማርከው ወይስ ደወል ስትደውል ኖርክ? የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። የቸገራቸው ሽማግሌ ነው፤ እንዳይጣሉ የሚያስማማቸው።"

ሽማግሌ የሚለው ሁለቱን እኩልታ የሚያስታርቀውን የጎደለ ተደማሪ ነው። ስንት ክረምት ፈለግነው...

መስከረም 12

ዘነበ። በሩ ታጠበ። ኢቲቻ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። "ጠመኔ በልቼ ነው" አለ። አልሳቅኩም።

መስከረም 19

ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ። ነገ ቀዶ ጥገና። ደወለ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

"ሽማግሌውን አገኘሁት። ቀላል ነው፣ ታፍራለህ።"

"ንገረኛ።"

"በስልክ? ጠመኔ ይዘህ ና። ሳልገባ ድረስ።"

ልጁ ዲንቄ መልእክት ላከች፦ "ጋሼ፣ ነገ 9:00 ይገባል። ቀደም ብለው ይምጡ።"

መስከረም 20

ከላምበረት ታክሲ ያዝኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ቀደም ብዬ... ጠመኔው ኪሴ ውስጥ።

ዲንቄ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጣለች።

"ጋሼ ሠረቀብርሃን፣ የት ነበሩ? ጠዋት እኮ ነው የገባው።"

"ዘጠኝ አላልሽም?"

"የሆስፒታሉን ዘጠኝ... በእኛ ሦስት ሰዓት።" አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እስኪወስዱት በር በሩን ሲያይ ነበር አለች። በሕይወት አልወጣም።

መስከረም 21

ቀበርነው።

መስከረም 24

ለቀስተኛ ስለሚገባ በሩ ሦስት ቀን ተከፍቶ ሰነበተ፤ ግራው ወዲያ፣ ቀኙ ወዲህ። ዛሬ ድንኳኑ ሲነሳ ዘጋሁት። ዝናቡ ካጠበው በኋላ እንደገና ጽፎበት ኖሯል... መቼ ጻፈው? ሁለቱ እኩልታዎች፣ ሁለት ሰዓቶች። ክንፎቹ የሚገጥሙበት ላይ ለሽማግሌው የተተወ ባዶ ቦታ።

የጋራ ሰዓት የለም። ገባኝ፤ በስድስት ሰዓት ልዩነት ካመለጠኝ በኋላ ገባኝ።

ጠመኔው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። እንጦጦ ላይ ደመና ይዟል። ኢቲቻ፣ ሽማግሌው ማነው? ዝናቡ ሳይቀድምህ ቶሎ መልስልኝ።