ገና ነው፦ የአቶ ትኩእ ባህታና የክለባቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ትኩእ ባህታ ከአባታቸው ከአቶ ባህታ ሓረጎትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተስላሴ እ.ኤ.አ. በ1951 አስመራ ከተማ ተወለዱ። ልጅነታቸውን እሳቸው ኳስ ሲያባርሩ፣ አባታቸው ደግሞ እሳቸውን ሲያባርሩ አሳለፉት። ትምህርታቸውን አስመራ ጀምረው አዲስ አበባ ጨረሱ፤ ያንን የጠራ አማርኛቸውንም ከዚያ ይዘው መጡ። በ1980 በሱዳን በኩል ጀርመን ገብተው፣ ፌኸንሃይም በሚገኝ የቀለም ፋብሪካ እስከ ጡረታቸው ሠሩ። በ1984 ከወይዘሮ አፀደ ገሰሰ ጋር ተጋብተው ኑኃሚንንና ያቆብን ወለዱ።

እስከዚህ ያለው የማንኛውም ደግ ሰው ታሪክ ነው። የጋሽ ትኩእ ታሪክ ግን የሚጀምረው በ2005 ነው። በጦርነቱ ሳቢያ የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆች በአንድ ትራም ተሳፍረው ሰላም በማይባባሉበት ጊዜ፣ ሁለቱንም ሰብስበው ዞሰንሃይም ሜዳ ላይ አንድ ማልያ አለበሷቸው። ከጓደኛቸው ከአቶ ሳልሕ ጋር ክለቡን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ጸሐፊዋ ስሙን ጠየቀች። አቶ ሳልሕ ዞር ብለው "ስም አወጣንለት እንዴ?" ሲሏቸው፣ ጋሽ ትኩእ "ገና ነው" ብለው መለሱ። ሴትዮዋ "ገናው?" አለች፤ በጀርመንኛ "ልክ ነው?" ማለቷ ነበር። እሳቸውም አማርኛ የገባት መስሏቸው፣ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ዓይነት ክለባችን "ገናው"፣ ማለትም "ልክ ነው" ተብሎ ተመዘገበ።

ልክ የሆነ ነገር ግን አልነበረውም። ተጫዋቾቹ ግማሹ ኤርፖርት፣ ግማሹ አረጋውያን ቤት ሺኽት፣ ማለትም የሥራ ፈረቃ ላይ ናቸው፤ የቀረው ቅዳሴ ነው። ጋሽ ትኩእ እሑድ እሑድ በማለዳ ለእያንዳንዱ እየደወሉ "ተነስ፣ መተኛቱ አይቀርም" ይሉ ነበር። ስንቱ ረግሟቸው ተነሥቷል።

በ2013 ኩላሊታቸው ታመመ፤ ክለቡም አብሯቸው ታመመ። ሰው እየጎደለ ሁለት ጨዋታ ሳንቀርብ ስለቀረን፣ አንድ ጊዜ ብንደግም እንደምንሰረዝ ተነገረን። የ2014 የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ከኑኃሚን መልስ ጋር ገጠመ። ወይዘሮ አፀደ "የልጅህ መልስ ነው ወይስ የኳስ?" ብለው ተቆጡ። ጋሽ ትኩእ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው "አፀደ፣ ክለቡ ከተሰረዘ እኔም አልሰነብትም" አሉ።

ሙሽራው፣ ማለትም ይህን የማነብላችሁ ምንያህል፣ ካባዬን አወለቅሁ። ሚዜዎቼ ክራቫታቸውን ፈቱ። ኑኃሚን ቀሚሷን ሰብስባ፣ አባቷን አሳፍራ መኪናውን አስነሣች። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነበር የደረስነው፤ ለመጀመር ሰባት ሰው ያስፈልጋል፣ እኛ ስድስት ነን። አቶ ሳልሕ በዚያ ዕድሜያቸው ጃኬታቸውን ጥለው ጎሉ ውስጥ ቆሙ። ዘጠኝ ገባብን፤ አንድ አገባን። ያቺን አንዷን ስመታት መጀመሪያ እልል ያሉት፣ ባለቤታቸውን ሊመልሱ የመጡት ወይዘሮ አፀደ ናቸው። የጨፈርነውን ያየ ዋንጫ የወሰድን ይመስለው ነበር። ክለቡም አልተሰረዘም።

መስከረም ላይ ጋሽ ትኩእ ሆስፒታል ገቡ። አንድ ምሽት ነርሷ "እንተኛ?" ብትላቸው "ገና ነው" አሏት፤ እሷም "ልክ ነው" ያሏት መስሏት መብራቱን አጠፋች። በጨለማው ውስጥ ለብቻቸው ሲስቁ ኑኃሚን ሰምታቸዋለች። በማግስቱ መስከረም 14 ቀን 2014 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጋሽ ትኩእ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ፤ ባለቤታቸውንና አንድ ቡድን ሙሉ ልጆችንም ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሰልፍልን፤ ለወይዘሮ አፀደም ብርታቱን ይስጥልን።

እሑድ ዞሰንሃይም ጨዋታ አለን። ከእንግዲህ የሚደውልልን የለም፤ በየራሳችን እንነሣ።