ሰው ሲሰበሰብ ስለሚታመመው ቴሌቪዥናችን

ሐረር፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ለገሠ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎቻችን የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሸዋ በሩ ኪዳነወልድ፣ ከእርስዎ ምስጋና በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ በተሰቀለው የግድግዳ ጋዜጣ፣ «ሂስና ግለ ሂስ» ከሚለው ዓምድ ሥር መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ማንም ነዋሪ ቅሬታውን በአደባባይ ይጻፍ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ታዝዣለሁ። የፊታችን ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ የሠራሁባት የሸዋ በር ክፍል ከእኔ ተወስዳ፣ ቴሌቪዥናችንን «ላዳኑት» ከድሬዳዋ ለመጡት ቴክኒሻን ለጓድ ለማ እንደምትሰጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ጥቂት ነገር እንዳመለክት ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ የአዳራሻችን ቴሌቪዥን ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠግበው የተላለፈልን አሮጌ መሆኑ ይታወቃል። ከሰኔ ወር ጀምሮ ደግሞ ምስሉ ድንገት እየተጨማደደ፣ በመስተዋቱ መሐል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ትቀራለች፤ ዜና አንባቢው ግን ምንም እንዳልደረሰበት ማንበቡን ይቀጥላል። እርስዎ ተነሥተው ጎኑን በጥፊ ሲመቱት አንዳንዴ ምስሉ ይመለስ ነበር፣ ሕዝቡም ያጨበጭብልዎ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ልየው ብዬ ብለምን፣ በሰው ሁሉ ፊት «ኪዳነወልድ፣ አንተ ሬዲዮ ጠጋኝ ነህ፤ ይህ ምስል ያለው ነገር ነው» አሉኝ። የሙያዬን ወሰን ያለ ክፍያ ስላሰመሩልኝ ባለ ውለታዬ ነዎት።

፪ኛ፦ ጓድ ለማ መጡ። ነጭ ገዋን ለብሰው፣ ባለ መርፌ መለኪያቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው ሲገቡ እርስዎ የራስዎን ወንበር ለቀቁላቸው፣ ሻይም በብርጭቆ ማስቀመጫ ቀረበላቸው። ቀንቻለሁ፤ ዓምዱ የግለ ሂስም ስለሆነ አልደብቅም። በወንበሩ ቀናሁ፣ በሻዩም ቀናሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ገመዱ በጨርቅ ያልተጠቀለለ መለኪያ ስላላቸው ቀናሁ። ባለቤቴ ጽጌሬዳ ማታ ቤት ገብታ ስለ ገዋኑ ንጣት ራት እስኪቀርብ ስታወራ፣ እኔም እህ እያልኩ አዳምጥ ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል ነበር፤ በእኛ ቀበሌ ግን በሬውም ከድሬዳዋ ሆኗል።

፫ኛ፦ ጓድ ለማ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አራቱንም ጊዜ የመጡት ረፋድ ላይ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ነው። ቴሌቪዥኑም አራቱንም ጊዜ እንከን አልተገኘበትም። እሳቸው «ደህና ነው» ብለው ይሄዳሉ፤ በስብሰባው ሰዓት መስመሯ ትመለሳለች። የአዳራሹ ዘበኛ አው ዓሊዪ ግን፣ ምንም ገዋን ባይኖራቸው፣ በሽታውን በአንድ ቃል ነግረውኛል፦ «ወላሂ፣ ይህ ሣጥን ባዶ ቤት አይታመምም፤ የሚታመመው ሰው ሲሰበሰብ ነው።» ከዚያ ወዲያ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ከመስተዋቱ ይልቅ ወለሉን ስመለከት ቆየሁ። ሕዝቡ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሊያሰማ በአንድነት ብድግ ሲል፣ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት የሳንቃ መድረክ ይነቃነቃል፤ ምስሉ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ዜናችንን ሲያጠፋብን የከረመው የእኛው መፈክር ነው።

፬ኛ፦ ባለፈው እሑድ፣ ነሐሴ ፭ ቀን፣ ቀበሌው በሙሉ በእርስዎ መሪነት ችግኝ ሊተክል ወደ ድሬ ጠያራ ወጣ፤ ጓድ ለማም ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው አብረው ሄዱ። እኔ የጥበቃ ተራዬ ስለነበረ አዳራሹ በአደራ ተሰጠኝ። ቴሌቪዥኑ የሚቆለፍበትን የእንጨት ሣጥን ቁልፍ አልነካሁም፤ ቁልፉ እንዳለ ሆኖ የሣጥኑን በር ማጠፊያ በካቻቪቴ ፈታሁት። ጣቢያው ገና ስላልጀመረ መስተዋቱ ላይ የሚርመሰመሰው ነጭ ብናኝ ብቻ ነበር፣ ለእኔ ግን እሱም ይበቃኛል። አው ዓሊዪን በሕዝቡ ፈንታ መድረኩ ላይ ይዝለሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ቀበሌውን በሙሉ ተክተው ዘለሉ። ብናኙ ወዲያው ተሰብስቦ መስመር ሆነ። የጀርባውን ክዳን ፈትቼ፣ በደረቅ እንጨት ጫፍ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ቀስ እያልኩ ብነካካ፣ ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች በሚዘረጋው ክፍል አንዲት ብየዳ ዙሪያዋን እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተላቃ አገኘኋት። መብራቱን ነቅዬ፣ የታመቀው ኃይል እስኪወጣ ታግሼ በየድኳት። አው ዓሊዪ እስኪደክማቸው ዘለሉ፤ መስመሯ አልተመለሰችም። ሁሉንም እንደነበረ ገጥሜ ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ።

፭ኛ፦ ሰኞ ጓድ ለማ መጥተው፣ መለኪያቸውን ሣጥኑ ላይ አስቀምጠው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ «መሣሪያው በሙሉ ተፈትቶ ተመርምሯል፤ ያረጀው ዕቃ ተለውጧል» የሚል ሪፖርት ፈርመው ሰጡ። ማታ ሕዝቡ ተነሥቶ መፈክር አሰማ፣ ምስሉም ጸና። የምስክር ወረቀት ተሸለሙ፣ ክፍሌም ቅዳሜ በምራቂነት እንድትሰጣቸው ያን ማታ ቃል ተገባላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ጽጌሬዳ ከጎኔ ሆና ከእኔ አብልጣ ስለምታጨበጭብ እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም። ያን ማታ ተነሥቼ ልናገር አስቤ ነበር። «ሬዲዮ ጠጋኝ ነህ» ያሉኝ ትዝ ሲለኝ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ክፍሌ ከመሰጠቷ በፊት፣ ጓድ ለማ በሙሉ ፈትቼዋለሁ ያሉትን የቴሌቪዥን ጀርባ፣ በገዛ እጃቸው፣ በጠቅላላ ጉባዔው ፊት እንዲከፍቱልን ይታዘዝልኝ። ከአንድ ሻይ የበለጠ ጊዜ አይወስድባቸውም።

ለቀበሌያችን ሥልጣኔ ሲሉ የራስዎን ወንበር እስከመልቀቅ የደረሱትን ጓድ ሊቀመንበር ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ በሸዋ በሯ ክፍል የምገኘው፣

ኪዳነወልድ

ማስታወሻ፦ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዕቃ ጠግኜ ስጨርስ ቀኑንና በሽታውን ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ሬዲዮኑን በእኔ ዘንድ ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑ ሲከፈት ጽሑፉን ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲያነቡልን፣ ይህን ሁሉ ገና ያልነገርኳት ባለቤቴ ጽጌሬዳም ያን ዕለት ከፊት ወንበር እንድትቀመጥ እለምናለሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «እሑድ፣ ነሐሴ ፭ ቀን ፸፯። ብየዳ ተሰንጥቆ ተበየደ። ኪዳነወልድ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ።»