ጋሼ ኦይቫ አልረሱም ነበር

ለውድ እህቴ ለሄልቪ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? የሬይኖ ወገብ ተሻለው? ሚርያና ካሪስ ደህና ናቸው? ያ የአውስትራሊያ ሙቀት ዘንድሮም እንደ አምናው እያንገበገባችሁ ነው ወይስ ትንሽ አዘነላችሁ? እኛ በሕይወት አለን። ሲርካን ጉንፋን ይዟት ሰንብቶ አሁን ለቀቃት። በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል፤ ጠዋት ጠዋት አካፋ ይዤ ነው ከቤት የምወጣው። እኔም አካሌ ደህና ነው። ሌላውን ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም፤ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ስለ አጎታችን ስለ ጋሼ ኦይቫ የጻፍኩልሽን ታስታውሻለሽ። ሳይቆልፉ ማሽን ውስጥ ገብተው ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ፣ እንደ አያታችን መርሳት ጀምሯቸዋል መሰለኝ ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጋሼ ኦይቫ አልረሱም። ቆልፈው ነበር። ጓጉንቸራቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማሽኑን ያስነሳሁባቸውም እኔው ነኝ። ይኸው፣ በአራተኛው ጻፍኩት።

አንቺ ከእንጨት መሰንጠቂያው ከወጣሽ ብዙ ዘመን ሆነሽ። ያኔ ማሽን ሲጠገን አንድ ሰው ማብሪያው አጠገብ ተገትሮ «እንዳትነኩ» ሲል ይውል ነበር። አሁን እያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት የየራሳችን ቀይ ጓጉንቸር አለን። ሊጠግን የሚገባው ሰው ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋና ጓጉንቸሩን ይቆልፍበታል፤ መክፈቻውን ይዞ፣ ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን አይቶ ነው የሚገባው። የቆለፈው ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው። ሰውየው ረስቶት ቤቱ ከሄደም መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ማንም አለመኖሩ ይታያል፤ ከዚያ ሁለት ሰው ሆኖ ይደወልለታል፣ የራሱ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ሰዉን ሰብስቤ ጣቴን እየቀሰርኩ የምለፈልፈው እኔ ፎርማኑ ታኔሊ።

ጋሼ ኦይቫ ደግሞ እኔ ሳላስተምርም እንደዚያው ናቸው። ኡርሆ፣ ያ መጋዝ የሚስለው ቀልደኛ፣ «ጋሼ ኦይቫ እኮ የቡና ጀበናውንም ሳይቆልፉ አያጥቡትም» እያለ ያስቀን ነበር። እሳቸው «አንተም አፍህን ብትቆልፈው ስንት ሰው ባረፈ» ይሉታል።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር። ታውቂያለሽ፣ ሐሙስ ለምሳ ቤታቸው ሄደው የእትዬ ሳይሚን የአተር ሾርባ ካልጠጡ ሐሙስ የሆነ አይመስላቸውም። የእንጨቱን ስብርባሪ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሰንሰለት ቆሟል። ሁለት የጭነት መኪና በር ላይ ሞተሩን እያንጓጓ ይጠብቃል። ማጥፊያው ዘንድ ስደርስ የጋሼ ኦይቫ ጓጉንቸር ተቆልፎበታል። ወደ ሰንሰለቱ ጉድጓድ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። መጋዙ እየጮኸ ማን ይሰማል? በመስኮት ብመለከት ሁልጊዜ ግድግዳው ሥር የሚያቆሙት፣ በእግር የሚገፋው የበረዶ ሸርተቴያቸው የለም። በቃ፣ ሾርባቸው ጋ ሄደዋል፣ ጓጉንቸሩን ረስተውታል አልኩ። ለካ ሸርተቴውን ዘበኛው ፖስታ ላምጣበት ብሎ ተውሷቸው ኖሯል።

ለምን አልደወልክም ትይኝ ይሆናል። ስልኩ ያለው ሥራ አስኪያጁ ክፍል ነው። ሰንሰለቱ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቆሞብኝ ነበርና ሦስተኛውን እንዲሰማ አልፈለግኩም። አየሽ ምክንያቴን? ብደውል እትዬ ሳይሚ አንስተው «ኧረ አልመጣም» ይሉኝ ነበር። ጉድጓዱን ወርዶ ማየትም ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልወረድኩም። ትልቁን ብረት መቁረጫ አምጥቼ ቆረጥኩትና አስነሳሁት።

አራት ወይም አምስት ሰከንድ ቢሄድ ነው። ጩኸቱን ስሰማ አጠፋሁት። ጋሼ ኦይቫ ታች ሆነው የተበጠሰውን ሰንሰለት ሲቀጥሉ ነበር፤ ግራ እጃቸውን ይዞ ጎተታቸው፣ ጭንቅላታቸውም ከብረቱ ጋር ተጋጨ። አሁን የምጽፍልሽን ለሲርካ እንኳ የነገርኳት ትናንት ነው። ወደ እሳቸው ከመሮጤ በፊት ጎንበስ ብዬ የተቆረጠውን ጓጉንቸር አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ነው እሳቸውን።

ሆስፒታል ሲነቁ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን አንዱንም አያስታውሱትም። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲጠይቀኝ «ጓጉንቸር አላየሁም» አልኩ። ሳጥናቸው ውስጥም ሲፈለግ ታጣ፤ የት እንዳደረጉትም አያውቁም ተባለ። ጋሼ ኦይቫ ራሳቸው አልጋ ላይ ሆነው «ታኔሊ፣ እውነት ሳልቆልፍ ገባሁ?» ሲሉኝ፣ «ምን ይደረግ ጋሼ፣ ሰው ነዎት» አልኳቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉንን ሰውዬ እንዲህ አልኳቸው።

ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ጓጉንቸሩን ሲፈልጉ ነው የከረሙት። የኮታቸውን ኪስ ሁሉ ገልብጠዋል፣ የማገዶውን ክምር አፍርሰዋል፣ እትዬ ሳይሚ አንድ ቀን እጃቸውን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ከትተው አግኝተዋቸዋል። ያን ጊዜ ነው አያታችን የሞተችውን ላም በየጓዳው ስትፈልግ የነበረው ትዝ ያላቸው። መኪና መንዳት ተዉ። እንጨት መቁረጫ መጋዛቸውን ለጎረቤት ሰጡት። ኡርሆ እንኳ አሁን አይቀልድባቸውም፤ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ለሕፃን እንደሚያወራ ጮክ አድርጎ ቀስ እያለ ነው የሚያናግራቸው። እሱን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ያንቺም ደብዳቤ ደረሳቸው። ሐኪም ይዩ፣ ሥራው ይብቃዎት ብለሽ በደግነት የጻፍሽላቸው። መነጽር ማስቀመጫቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውታል። «ሄልቪ ከባሕር ማዶ ሆና እንኳ አወቀችብኝ» አሉኝ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ የነገርኩሽን ነው ያመንሽው። አንቺንም የሥራዬ ተካፋይ አድርጌሻለሁና ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና አብሬያቸው እንደምገባ ታውቂያለሽ። ከአደጋው ወዲህ ግን አንድ ጊዜ ጉንፋን፣ አንድ ጊዜ ሥራ እያልኩ ሸሸሁ። እዚያ እንፋሎቱ ውስጥ ራቁትን ጎን ለጎን ተቀምጦ መዋሸት እንዴት ይቻላል? ትናንት እትዬ ሳይሚ ደወሉልኝ። «እጁ እንደገና ተቀዶ በፋሻ ታስሯል፣ ጀርባውን ማን ይሽለት? ወይስ አንተም ከሰው ተራ አውጥተኸዋል?» አሉኝ። ሄድኩ።

ጀርባቸውን እያሸሁ ሳለ ጋሼ ኦይቫ እንዲህ አሉኝ። «ሰኞ ከሥራ የምሰናበትበትን ወረቀት ልፈርም ነው። አንተ ደግሞ የአረጋውያን ማረፊያውን ማመልከቻ ሙላልኝ፤ እኔ እሳሳታለሁ። ሳይሚ እናቴን ስታስታምም ስድስት ዓመት አልቅሳለች። በእኔም አላስለቅሳትም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም፤ አስበው የጨረሱት ነገር ነው።

እኔ ግን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ አልረሱም። ቆልፈው ነበር፤ እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። ምን ያሉኝ ይመስልሻል? «ተው ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ራስህን አታስወንጅል» አሉኝ። ማልኩላቸው። «ደግ ልጅ ነህ» ብለው በደህናው እጃቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ለካ ሰው ሁሉ ሲያባብላቸው ስለከረመ እውነቱም ማባበያ መስሏቸዋል። ጓጉንቸሩ መኪናዬ ውስጥ መፍቻ ሳጥኑ ሥር ነበር፤ የምጥልበት ቦታ አጥቼ ሦስት ወር ይዤው ዞሬያለሁ። ፎጣ አገልድሜ በባዶ እግሬ በበረዶው ላይ ሄጄ አመጣሁት።

ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ስማቸውን አነበቡ። በአውራ ጣታቸው የተቆረጠበትን ዳበሱት።

«ይሄ በመቁረጫ ነው የተቆረጠው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ተቆልፎ ነበር ማለት ነው።»

«ተቆልፎ ነበር።»

«መክፈቻውስ?»

«ቀበቶዎ ላይ ነበር። ሲያወጡዎት አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ብድግ ብለው በሩን በርግደው እንደተፈጠሩ ወደ ውጭ ወጡ። «ሳይሚ፣ ቆልፌ ነበር! ቆልፌ ነበር እኮ!» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ሳይሚ መጀመሪያ «አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ሊገድልህ ነው፣ ግባ» ብለው ተቆጡ።

እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በጥፊ እንዲሉኝ እፈልግ ነበር፤ እንደ ልጅነቴ ጆሮዬን ቢይዙኝም ደስ ይለኛል። እግራቸው በብርድ ቀልቶ ተመለሱ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ጨመሩና አጠገቤ ተቀመጡ። «ሰኞ ትናገራለህ» አሉ። «እናገራለሁ» አልኩ። «ለሥራ አስኪያጁና ለተቆጣጣሪው ብቻ አይደለም። ሰዉ ሁሉ ባለበት። ኡርሆም ባለበት» አሉ። እሺ አልኩ። ከዚያ በዚያችው በፋሻ በታሰረችው እጃቸው እጄን ያዙና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ጭንቅላቴን መለስክልኝ» አሉኝ። ሁለት ጣት ወስጄባቸው፣ ሦስት ወር አእምሮአቸውን ሲጠራጠሩ ዝም ብዬ አይቼ፣ እግዜር ይስጥህ ተባልኩ። ሰደቡኝ ብዬ ብጽፍልሽ እንዴት በቀለለኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ፈረቃ ሲቀየር እናገራለሁ። ከሥራ መባረሬ አይቀርም፤ ፍርድ ቤትም ሊኖር ይችላል። ሲርካ ትናንት ስታለቅስ አመሸች፤ ዛሬ ደግሞ ምንም ሳትለኝ ለነገ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኮሰች። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለጋሼ ኦይቫ ቶሎ ጻፊላቸው። ታኔሊ ዋሽቶኝ ነበር በያቸው፣ ስሜን ጽፈሽ በያቸው። የእኔን ቃል ሲርካም አንቺም ብትጠራጠሩ አይገርመኝም፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን እንዳይጠራጠሩ።

እትዬ ሳይሚ በጣም ናፍቃኛለች፣ ሳምልኝ ብለውሻል። ሲርካ ሰላም ትልሻለች፤ የላክሽላት ሻርፕ ከአንገቷ አልወረደም። ሬይኖን ወገብህን ጠብቅ በይልኝ። ሚርያን ግንባሯን ሳሚልኝ። ካሪ አሁን ማዕድን ማውጫው ውስጥ የማሽን ጥገና ላይ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እሱንም አጥብቀሽ ሳሚልኝና ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ያ የሚወደው አጎቱ ምን እንዳደረገ አትሸሽጊለት። የሰው ጓጉንቸር ባየ ቁጥር እኔን ያስታውሰኝ።

ወንድምሽ ታኔሊ

ኩህሞ፣ ፊንላንድ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1987