የመንጋጋዬ ተራ

ሰኞ

ሐሳቧን ቀይራለች! ማን? እኔ?

ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ ከርሜ፣ ዛሬ ከቢሮ ሆኜ አዲስ አበባ ላለችው የመንጋጋ ሐኪም «ተራዬ መቼ ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ወዲያው መጣ። «እኅትሽ ሐሳቧን ቀይራለች ስላለችኝ ቦታሽን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። አልነገረችሽም እንዴ?»

እትዬ ናት እንግዲህ። በዕጢ ምክንያት የግራ መንጋጋዬ ከተቆረጠ ወዲህ ንግግሬ ስልክ ላይ አይለይም፤ የምታወራልኝ እሷ ናት። የሰጠነው ቁጥርም የሷ ነው። አምኛት።

ከቢሮ ወጥቼ መሐል ሜዳ ከተማን ዝም ብዬ ዞርኩ። ብርዱም አልተሰማኝም። ቤት ገብቼ በቀጥታ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ያጣሁትን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እጮሃለሁ።

ከዳሌዬ መቅኔ ይወስዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያባዙታል። የተቆረጠው ቦታ ላይ ያኖሩታል፤ አጥንት ይበቅላል። ቆይቶ ጥርስ ይተከልበታል። በበጎች ተሞክሮ ሠርቷል። አሁን ሰው ላይ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። እኔ! ቆሎ ልቆረጥም ነበር። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አውርጄ ባለጉዳይ ላስተናግድ ነበር።

እትዬ ምሳ ቋጥራልኝ ነበር። ሳልከፍተው ቢሮ ትቼው መጣሁ።

ረቡዕ

አፈነዳሁት። በጎቿን ግቢ ስታስገባ ጠብቄ «ለዶክተሯ ምን አልሻት?» አልኳት። አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር።

«የተሞከረባቸው በጎችስ የት ደረሱ ብዬ ዶክተሯን ስጠይቃት፣ አጥንቱን ለማየት አረድናቸው አላለችም? አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ ሳቅሽ!»

አዎ፣ ስቄአለሁ። የመንዝ ሰው በግ ታረደ ብሎ ሲደነግጥ ማን አይስቅም! ለካ እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታየኝ ቢላዋ ሥር ተኝቼ ነው።

«ሰውን ማን ያርደዋል፣ እትዬ?»

«ምን አውቄ! እናታችን አደራ ብላ ነው አንቺን ትታልኝ የሞተችው። ለሙከራ አልሰጥሽም!»

ወይ ጉድ! በኔ መንጋጋ! አልስማማም ብላ ፊት ለፊት ብትሞግተኝ ምናለ? እንጣላ ነበር፤ ያልፍም ነበር። እሷ ግን «ደወሉ ወይ?» ባልኳት ቁጥር «ገና ነው» ትለኛለች። ዓይኔን እያየች! መፍራቷን እንኳ ይቅር እላት ይሆናል። ይቺን «ገና ነው» ግን አልችላትም።

ዓርብ

አላናገርኳትም። እሷም ትለማመጠኛለች፤ ካልሲዬን ሳይቀር አጥባልኛለች። እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ነው።

ቅዳሜ

ራሴ ደወልኩ። እትዬ እንደ ልማዷ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።

«እፈልጋለሁ» አልኩ። ዶክተሯ አልሰማችኝም። ደገምኩት። ምራቄ በአገጬ ወረደ። እትዬ እያየችኝ እንደገና ደገምኩት።

«ገባኝ» አለች ዶክተሯ።

አሁን ቦታ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አጥንት መያዝ አለመያዙ ሳይታይ ሌላ ዙር አይከፈትም፤ ይከፈት አይከፈት እሷም አታውቅም። ስሜን ግን ይዛለች፤ ቁጥሩም የራሴ ሆኗል።

እትዬ ገንፎ አቀረበችልኝ፤ እንደሚስማማኝ አላልታ። ርቦኝ ስለነበር በላሁት። «እጅሽን ይባርከው» ሳልላት ተነሣሁ።