ማነው ሳይባል የሚከፈት በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ቆቦ

ልጄ ሰላማዊት ዛሬ ከአሜሪካ ደወለች። ልጠይቃት ስሄድ የምደርሰው ልጆች ጭራቅና አጽም መስለው በየቤቱ እያንኳኩ ከረሜላ በሚለምኑበት በዓላቸው ዕለት ነው።

«እማ፣ እኔ ከሥራ እስክመለስ የምትከፍቺላቸው አንቺ ነሽ። ማነው እያልሽ እንዳታስደነግጫቸው፤ ዝም ብለሽ ክፈቺ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ማነው ሳልል በር ከከፈትኩ ስንት ዘመኔ!

ለጎረቤቴ ለዘሀራ ብነግራት እሷም ሳቀች። «አብሽሪ፣ አሁኑኑ አለማምድሻለሁ» አለችና ወጥታ የግቢውን በር ዘጋችው። እኔም ከውስጥ ቀረቀርኩት። ከዚያ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ መሆኗን እያወቅሁ፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ደረቀ። ያኔ በጦርነቱ ጊዜ ከተማው በተኩስ ሲናጥ ይኸው በር ልክ እንዲህ ሦስት ጊዜ ተንኳክቶ ነበር። አልጋ ሥር ገብቼ ትንፋሼን ዋጥኩ። የዘሀራ እጅ እንደሆነ ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት። ቤት ውስጥ መሆኔን አታውቅም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

«ማነው?» አልኩ ዛሬ፤ ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

ዘሀራ ከበሩ ማዶ ስትናገር ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«ያን ቀን ማነው እንኳ አላልሽኝም።»

ስከፍት ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ልጠራት ፈራሁ።

ነገ ጠዋት የእሷን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ። እሷም እንደኔ ዝም ብትለኝስ?